አተር ልኳንዳ ቤት ሲገባ

ጥቅምት 8

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ይህ ደብዳቤ ቢላዎ ተስሎ፣ ወገብዎ ጠንቶ፣ ደጃፍዎም ሰው ሳያጣ ያግኝዎ። የባለቤትዎን የእትዬንም ጉልበት ፈጣሪ ያበርታልኝ። እኔ ከብርዱ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ጋሼ፣ በስልክ የማይሆን ጉዳይ አለኝ። እርስዎም "በስልክ የሚያወራ ሰው ይቸኩላል፣ የቸኮለ ሰው ደግሞ ይዋሻል" ስለሚሉ ወረቀት አነሳሁ።

እንደሚያውቁት የምሠራበት ፋብሪካ ከአተር ሥጋ መሳይ ምግብ ያወጣል። አተሩ ይፈጫል፣ ከዚያ በትልቅ ማሽን ውስጥ በሙቀት እየተጨመቀ እንደ ሥጋ ክር ክር ይዞ ይወጣል። ቀለሙን ከቀይ ሥር፣ ቅባቱን ከኮኮናት እናገኛለን። ካለፈው ወር ወዲህ ቅመማውን የምመራው እኔ ነኝ። አለቃዬ እስከ ሰኔ ሰው የሚወደው ነገር ካላወጣን ክፍላችን እንደሚዘጋ ሳይደብቅ ነግሮናል።

ችግሩ ይኸውልዎ። ሥጋ የሚበሉት ቀማሾች "ገና ነው፣ ሥጋ አልሆነም" ይሉኛል። የማይበሉት ደግሞ "በዛ፣ ሥጋ ሥጋ ይላል" ብለው ሳህኑን ይገፉታል። መሐል ገብቼ ዳኛ ልሁን ብል እኔ ሥጋ ከተውኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጣዕሙ ከምላሴ ጠፍቷል። የረሳሁትን ነገር እሠራለሁ ብዬ መቀመጤ ለራሴም ያስቀኛል።

እርስዎ ግን አልረሱም። ልኳንዳ ቤትዎን በከፈቱ ቁጥር ከዕለቱ ሥጋ አንዲት ቁራጭ ያለ ጨው ቀቅለው፣ በደንበኛ ፊት ቆመው ሳይበሉ ቢላ አንስተው አያውቁም። "እኔ ያልበላሁትን አልሸጥም" ሲሉ ስንቴ ሰማሁ። ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊው ጋሽ መርፌም ከዚያች ቁራጭ ግማሿን ሳይካፈሉ የስፌት መኪናቸውን አይነኩም ነበር። ስለዚህ ከአተሩ ጥቂት ከረጢት ልኬልዎታለሁ። አየሩ ወጥቶ በሙቀት ስለታሸገ ከማቀዝቀዣ ውጭም አይበላሽም። ይቅመሱልኝና እውነቱን ይንገሩኝ፣ አይዘኑልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ስመጣ እትዬ ለብቻዬ ትንሽ ሳህን ያቀርቡልኛል፣ እርስዎም ወደ ግድግዳው ዞር ብለው ይበላሉ። ይህ ነገር ከተሳካልኝ ምናልባት ከአንድ ሳህን እንበላለን ብዬ አስባለሁ።

ያሳደጓት፣ ቀጮ

ኅዳር 2

ለእህቴ ልጅ፣ ለቀጮ፤

የሰፈሩ ሰላምታ ሁሉ በእኔ በኩል ይድረስሽ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ስታነቢ ምርቃቱ ያስፈልግሻል።

ከረጢቱ ደረሰ። መርፌ አንዱን አገላብጦ አየና "ይሄ ለጫማ ሶል ነው ወይስ ለኮት ትከሻ?" አለኝ። ከዚያም "ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል" ብሎ ተረተ። እኔ ግን የእህቴ ልጅ ሥራ ነውና በደንቡ ዳኘሁት። ውሃ ጣድኩ፣ ጨው አልነካሁም፣ እንደማንኛውም ቁራጭ ከተትኩት። ክዳኑን ሳነሳ ሥጋሽ የለም! አረፋ የለበሰ ገንፎ ሆኖ ጠበቀኝ። እትዬሽ መጥታ አየችና "ልብስ ልታጥብበት ነው?" አለችኝ። ለክብርሽ ስል አንድ ማንኪያ ዋጥኩ። የዋጥኩት ለክብርሽ ብቻ ነው።

እውነቱን ንገሩኝ ብለሻል። ሥጋ የእንስሳው ታሪክ ነው። ዳገት የወጣች ላም ታፋዋ ይናገራል፣ ተኝታ የበላች ስቧ ይናገራል። ያንቺ አተር ምን ይናገር? የት ሄዶ ያውቃል? "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። አተር አተርነቱ ምን አነሰው?

እኛ ደህና ነን። ለእትዬሽ ጉልበት ብለን ሐኪም ዘንድ ሄደን እኔንም እግረ መንገዱን አየኝ። ሐኪም ሥራ ሲያጣ የጤነኛ ሰው እግር ያያል።

ስለ ሳህኑ የጻፍሽውንም አይቼዋለሁ።

አጎትሽ

ኅዳር 21

ለጋሼ፤

ከእነ ሳቅዎ፣ ከእነ ቁጣዎ ዕድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ለሥራ ባልደረቦቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው፤ "ልብስ ልታጥብበት ነው" የሚለው ላይ ስንደርስ አለቃዬም ሳቀ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አይቀቀልም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። የልኳንዳ ሰው እጁ ላይ የገባውን ሁሉ መጀመሪያ እንደሚቀቅል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጋሼ፣ ምጣዱ በደንብ ይጋል፣ ዘይት ጠብ ይበልበት፣ ከዚያ ቁራጩን አስቀምጠው እጅዎን ይሰብስቡ። ጠርዙ እስኪጠቁር አይነካካም። እርስዎ መነካካት እንደሚወዱ አውቃለሁ።

የቅምሻ ክፍላችንን ቢያዩ ይገረማሉ። ቀለሙ ሰውን እንዳያታልል ቀይ አምፖል ይበራል፣ ሁሉም ሰው በየራሱ ሣጥን መሳይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀምሳል። ሥጋ ከማይበሉት መካከል አንዷ ሒሳብ ሠራተኛችን ናት። ከተወለደች ሥጋ ቀምሳ አታውቅም። "ያላየሁትን ሰውዬ መሳይ አምጥታችሁ ናፍቂው ትሉኛላችሁ" ትለኛለች። የመጋዘን ኃላፊው ደግሞ ሥጋ እየወደደ ለእንስሳት አዝኖ የተወ ሰው ነው። እሱ ቀመሰና ሌላ ቁራጭ ጠየቀኝ። ሁለቱም "ሥጋ የማይበሉ" ተብለው አንድ ወረቀት ላይ ነው የተጻፉት። እኔ ለየትኛቸው ልቀምም?

ሐኪሙ እግርዎን አይቶ ምን አለ? ያንን ዘለሉብኝ።

ቀጮ

ታኅሣሥ 17

ለቀጮ፤

ደህንነትሽ ደህንነታችን ይሁን። በነገርሽኝ መሠረት ጠበስኩት፣ እጄንም ሰበሰብኩ። አሁን ሌላ ነገር ሆነ። ሥጋ ነው አላልኩም፤ ግን ጥርስ ላይ ይቆማል፣ ጠርዙም መልካም ነው። እትዬሽ ሁለተኛ አነሳች። ከዚህ በላይ ምስጋና ከእኔ አትጠብቂ።

ሌላ ጥቂት ከረጢት ላኪ። በመርፌ ላሾፍበት ፈልጌ ነው።

ደግሞ አንድ ጥያቄ። አንድ ደንበኛ አለኝ፣ ጨዋ ሰው ነው። ሪህ ይዞት የእግሩ አውራ ጣት አብጧል፣ ሐኪሙም ቀይ ሥጋ ከልክሎታል። ይህ ያንቺ ነገር ለእንዲህ ያለ ሰው ይሆናል? ጨውስ በዝቶበታል? ሰውዬው ስለሚጠይቀኝ ነው እንጂ እኔ ጉዳዬ አይደለም።

ስለ እግሬ የጠየቅሽው፣ እግሬ ቆሞ ይሄዳል።

አጎትሽ

ጥር 9

ለጋሼ፤

ጤናዎና የቤትዎ ሰላም አይለይዎ። ለዚያ ደንበኛዎ በተለይ ጨው የቀነስኩበትን አንድ ሙሉ ካርቶን ልኬያለሁ። መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ በልክ ይብላ፣ ውሃ ያብዛ። አላየሁትም እንጂ ሰውዬውን የማውቀው ይመስለኛል። ሲያመው ማንንም የማይጠራ፣ ሚስቱ ስትጨነቅ "ተዪኝ" የሚል፣ ቁጭ በል ቢሉት የሚቆጣ ሰው ነው። እባክዎ እኔ እንደማስብለት ይንገሩልኝ።

እዚህ ነገሩ ጠንክሯል። አለቃዬ "ደም ይኑረው" ይላል። ሲቆረጥ ቀይ እንዲፈስ፣ ምጣድ ላይ ሲወድቅ ደም ደም እንዲሸት ይፈልጋል። ሠራሁለት። አልዋሽዎትም፣ እጅግ ተሳክቶልኛል። ምጣዱ ላይ ባስቀመጥኩት ጊዜ የሱቅዎ ሽታ ክፍሉን ሞላው። እኔም ምጣዱን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ወጣሁ። የገዛ ሥራዬን መብላት አቃተኝ። ሒሳብ ሠራተኛዋ በሩን እንኳ አላለፈችም። የመጋዘን ኃላፊው ግን ዓይኑ እንባ ሞላ።

ካርቶኑ ውስጥ ቀይ ምልክት ያለባቸው ደም መሳዩ የገባባቸው ናቸው፣ ምልክት የሌላቸው ደግሞ ያልገባባቸው። ጋሼ፣ ሥጋ ለሚወድ ሰው ያ ሽታ የግድ ነው? ይህን የሚነግረኝ ከእርስዎ ሌላ የለኝም። ሰኔ እየቀረበ ነው።

ቀጮ

መጋቢት 25

ለጋሼ፤

ካርቶኑ ከደረሰ ቆየ፣ የእርስዎ መልስ ግን አልመጣም። እትዬ ስልክ ሲያነሱ "ደህና ነው፣ ይጽፍልሻል" ብቻ ይላሉ። ጋሽ መርፌ ዘንድ ደወልኩ። እርስዎን ከጎረቤትም ከወንድምም አስበልጠው የሚወዱ ሰው "ስለዚያ ሰው አትጠይቂኝ" ብለው ዘጉት።

የአተሩን ነገር ይተዉት። እንደምን እንደሆኑ ብቻ ይጻፉልኝ።

ቀጮ

ሚያዝያ 16

ለቀጮ፤

እንደምን ከረምሽ? ዝም ብዬ ስላስጨነቅሁሽ ይቅር በይኝ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ፣ ረጅም ነው።

ሪህ የያዘው ደንበኛ እኔ ነኝ። ማወቅሽንም አውቄአለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖብን ሁለታችንም ስንደባበቅ ከረምን። ሐኪሙ "ቀይ ሥጋ ከበላህ እግርህን እርሳው" አለኝ። እኔ ቆሜ የምውል ሰው እግሬን ልርሳ? ግን ደግሞ ማለዳ ያቺን ቁራጭ ካልበላሁ ሰው ምን ይላል? "ልኳንዳው የራሱን ሥጋ ፈራው" ይላል፣ ስሜም አብሮ ይወድቃል።

ስለዚህ ያንቺን አተር ጓዳ እየጠበስኩ በሰው ፊት መብላት ጀመርኩ። ለመርፌ ከዕለቱ ሥጋ ጠብሼ በሌላ ሳህን እሰጠው ነበር። መቀቀሉን ለምን ተውክ ሲሉኝ ዘመኑ ተለወጠ አልኳቸው። ማንም አልነቃም። መጥፎ ሥጋ አልሸጥኩም፤ የሥጋን ጤና በአውራ ጣቴና በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ማታለሉ እያደር ከበደኝ።

አንድ ማለዳ እትዬሽ ከጓዳ ጠራችኝና ሄጄ ስመለስ መርፌ ከእኔ ሳህን አንስቶ አፉ ውስጥ ከትቷል። ደንግጬ ቆምኩ። እሱ ያኝካል። ዓይኑን ጨፍኖ ያኝካል።

"ይቺ ላም ሐሳብ አልነበራትም" አለ።

"እንዴት?" አልኩት።

"ጅማት የላት፣ ቂም የላት። ተመችቷት ኖራ ነው የሞተችው። ከየት አመጣሃት?"

ከኋላው ደንበኛዬ የሆነች ጡረታ የወጣች አስተማሪ ቆማለች። ሽታው ደርሷት ኖሮ "ከዚያችው ግማሽ ኪሎ ቁረጥልኝ" አለች። ተራ የሚጠብቅ አንድ የታክሲ ሹፌርም "ለእኔ ኪሎ አድርገው" አለ። ቀጮ፣ መንጠቆው ላይ ጥሩ ሽንጥ ተሰቅሏል። ከዚያ ቆርጬ ብሰጣቸው ነገሩ አለቀ፣ ማን ይጠይቀኛል? ቢላዬን አነሳሁ፣ ሞረዱ ላይ ወዲህና ወዲያ አስኬድኩት። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት።

"አተር ነው" አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሪሁን፣ ሐኪሙን፣ አንቺን። ሹፌሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አስተማሪዋ ቁራጭ ስጠኝ አለችና አኘከች፤ "ባቄላ ባቄላ ይላል" አለች። "አተር ነው" አልኳት። "ያው ነው" አለችኝ። ከደቂቃ በፊት ግማሽ ኪሎ ያዘዘች ሴት ናት።

መርፌ ግን አልሳቀም። "አተር ብታበላኝ አልቀየምም ነበር" አለኝ። "አብረን እየበላን መስሎኝ ብቻህን ስትበላ መክረምህ ነው የከፋኝ።" ይህን ብሎ ሱቁ ገባ፣ ቀኑን ሙሉ መኪናውን ሲያስጮህ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ሥጋውን ከመንገዱ ማዶ ካለው ልኳንዳ ይገዛ ጀመር። እሱን ተከትለው የሄዱም ነበሩ። እኔም እንደ ወትሮዬ በሬን ከፈትኩ፣ አተሬን በግልጽ በላሁ፣ ግን እጄ ብዕር አላነሳ አለኝ።

ባለፈው ሰኞ መዝጊያውን ሳነሳ መርፌ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "የማዶው ልኳንዳ ሳይቀምስ ነው የሚሸጠው" አለኝ። "ከእንግዲህ ሥጋውን እኔ ልብላልህ። አንተ በእጅህ ዳስስ፣ በአፍንጫህ አሽትት፣ እኔ ጥርስህ ልሁን። አተርህን ግን እዚሁ ፊቴ ብላ።" እንዲህ ሆነ። አሁን ደጃፌ ላይ ሁለት ሳህን ይቀመጣል፣ ሰውም አተር የሚበላ ልኳንዳ ለማየት ይመጣል። የመጣው ሁሉ ደግሞ ሥጋ ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ ፍርዴን ስሚ። ሥጋ በሊታ ሳያውቅ የወደደውን ሲያውቅ ይጠላዋል። ስለዚህ ስሙን ከሰማ በኋላ የሚናገረውን ብዙ አትቀበዪው፣ ኩራቱን እንጂ ምላሱን እያዳመጠ አይደለም። ደሙን በተመለከተ ምልክት ያለውንም የሌለውንም ጠብሼ በላሁ። ደሙ ሥጋን ያስመስለዋል፣ ልክ ነሽ። እኔ ግን ደሙ አልናፈቀኝም። የናፈቀኝ ጥርስ ላይ የሚቆም ነገር፣ እሳት የነካው ጠርዝና ከሰው ጋር ቆሞ መብላት ነው። እኔ ካልናፈቅሁት፣ አንቺም ከሸሸሽው፣ ደሙን የምትጨምሪው ለማን ነው? ለመጋዘን ኃላፊሽ ከሆነ ለእሱ ለብቻ አድርጊለት፣ ያሳዝናል።

አሁን ጠያቂው እኔ ነኝ። ሥጋ ለምን ተውሽ? በሥራዬ ያፈርሽ መስሎኝ ነበር። ወደ ግድግዳው ዞሬ የምበላውም ለዚያ ነው፤ ስበላ እንዳታዪኝ ብዬ።

አጎትሽ

ሰኔ 6

ለጋሼ፤

እግርዎን ያቅናልኝ፣ ለጥርስዎ ለጋሽ መርፌም ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ይዤ አለቀስኩ፣ "ይቺ ላም ሐሳብ አልነበራትም" የሚለው ላይ ደግሞ እያለቀስኩ ሳቅሁ።

በመጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። በእርስዎ አፍሬ አላውቅም። እዚህ እንደመጣሁ ሥጋ የምገዛው ከትልቅ መደብር ነበር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ማን እንደቆረጠው አላውቅ፣ ማን ቀድሞ እንደቀመሰው አላውቅ። ቤት ወስጄ ስጠብሰው አፌ አልቀበል አለኝ። እርስዎ ያልበሉትን መብላት አልለመድኩም ነበር፤ እንዲሁ እያልኩ ተውኩት። ለእንስሳው ማዘን የመጣው በኋላ ነው፣ እሱም እውነተኛ ነው፤ ዛሬ ከእርስዎ እጅም ቢሆን አልበላም። መጀመሪያው ግን ናፍቆት ነበር። ይህን ለመናገር ይህን ያህል መቆየቴ ይገርመኛል።

ቅምሻው ትናንት ሆነ። አለቃዬን "ሣጥኖቹ ይነሱ፣ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አይብላ" አልኩት። ጠረጴዛ ዘረጋን፣ ሥጋ የሚበላና የማይበላ እየተጣመሩ ከአንድ ሳህን እንዲበሉ አደረግሁ። ከፊታቸው ሁለት ዓይነት ቀረበ፣ ደም ያለውና የሌለው። አለቃዬ ደም በሌለው ላይ ፊቱን አጨማደደ፤ እኔም "የምቆመው ለዚህኛው ነው፣ ሥጋ ነውም አልልም፤ ከረጢቱ ላይ አተር ተብሎ ይጻፍ" አልኩት። ድምፄ እንዳልተንቀጠቀጠ ልንገርዎ፣ የልኳንዳ ልጅ ነኝ።

ደም ካለበት ሳህን የበላው ከየጥንዱ አንዱ ብቻ ነበር። ደም የሌለውን ግን ሁለቱም በሉት። አንድ ሥጋ በሊታ "ሥጋ አይደለም" አለ፣ እየተናገረ ግን የመጨረሻዋን ቁራጭ አነሳ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ከአጠገቡ ሆና "እኔም ደስ ያለኝ ሥጋ ስላልሆነ ነው" አለችው። አለቃዬ ባዶዎቹን ሳህኖች ዞሮ አየና "ደሙን ተይው" አለኝ። ክፍላችን አልተዘጋም። ለመጋዘን ኃላፊውም ደም ያለውን በጥቂቱ እንሠራለታለን።

እረፍት ሰጥተውኛል። በሐምሌ እመጣለሁ።

ልጅዎ፣ ቀጮ

ሰኔ 27

ለልጄ ለቀጮ፤

መንገዱን ያቅልልሽ፣ አየሩ ይረጋልሽ፣ ሻንጣሽ ከአንቺ ቀድሞ አይጥፋ። የጻፍሽውን ለእትዬሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ "ናፍቆት ነበር" የሚለው ጋ ስደርስ ደገምኩት።

እግሬ ደህና ነው። አስተማሪዋ አሁንም "ባቄላ" ትለዋለች፤ ሆኖም በመጣች ቁጥር አንድ ቁራጭ ትወስዳለች። እስካሁን አተሩን አልሸጥኩም። ስትመጪ የቁራጩን ውፍረት አብረን እናስተካክላለን፤ ማሽናችሁ ቢላ አያውቅም፣ በጣም አቅጥኖ ነው የሚቆርጠው። አሳይሻለሁ።

የመጣሽ ዕለት ምሳ እኛ ቤት ነው። እትዬሽ ስንት ሳህን ላውጣ ብትለኝ አንድ ትልቅ አልኳት፣ ሦስታችን ከዚያ እንበላለን። መርፌ የራሱን ሥጋ ይዞ ይመጣል። ያቺን ትንሿን ሳህንሽን ለእሱ አስቀምጠንለታል፤ ወደ ግድግዳ እንዳይዞር ደግሞ መሐል አስቀምጠዋለሁ።

አጎትሽ